የቀድሞ ካታሎጎችና የተማሪው ልፋት

አንድ ተማሪ የጀመረውን የከፍተኛ ትምህርት አቋርጦ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በሚዛወርበት ጊዜ ይዞት የሚሄደው ዋነኛ ሰነድ ትራንስክሪፕቱ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ የኮርሱ ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ የክሬዲት ሰዓቱ ብዛትና የተገኘው ውጤት በአንድ መስመር ተጽፈው ይገኛሉ። ተቀባዩ ተቋም ግን ሊያውቅ የሚፈልገው ከዚህ የበለጠ ነው። ኮርሱ የትኞቹን አርእስት ያካትት ነበር? ለስንተኛ ዓመት ተማሪ የተዘጋጀ ነበር? ከእርሱ በፊት ምን መማር ያስፈልግ ነበር? የቤተ ሙከራ ሥራ ነበረው ወይስ በክፍል ውስጥ ገለጻ ብቻ የተወሰነ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ተማሪው በተማረበት ዘመን ተቋሙ ያወጣው ካታሎግ ነው። ካታሎጉ ከጠፋ ትራንስክሪፕቱ ፍቺው እንደ ተረሳ ቃል ይሆናል፤ ይነበባል እንጂ አይገባም።

ይሁን እንጂ ካታሎግ በወጣበት ዓመት በየሰዉ እጅ የሚዘዋወር፣ አዲሱ እትም ሲመጣ ደግሞ ወደ ዕቃ ቤት የሚወረወር መጽሐፍ ነው። እንደ ታሪክ ሰነድ ቆጥሮ በክብር ያኖረው ጥቂት ነው። ዋጋው የሚታወቀው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ አንድ ሰው በወጣትነቱ የተማራቸው ኮርሶች ይቈጠሩለት ዘንድ ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

የቃል ምስክርነት

ትምህርትን ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዞ መዘዋወር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከመምህር ወደ መምህር መሄዱ የትምህርቱ ባሕርይ ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይጓዛል። አዲሱ መምህር ከተማሪው ወረቀት አይጠይቅም፤ ዜማውን አሰምቶ፣ ቅኔውን አስነግሮ የደረሰበትን ይመዝናል። ከዚህም ሌላ የመጣበት ጉባኤ ስም ራሱ መግለጫ ነው። «የቤተ ልሔም ምስክር ነው» ከተባለ ሰውየው ምን እንደ ተማረ የሙያው ባለቤቶች ሁሉ ያውቁታል።

ይህ ሥርዓት ሊጸና የቻለው የትምህርቱ ይዘት ከትውልድ ወደ ትውልድ እምብዛም ስለማይለወጥና መምህራኑ በዝና ስለሚተዋወቁ ነው። ይዘቱ በየጥቂት ዓመቱ በሚሻሻልበት፣ መዛኙና ተመዛኙም ተያይተው በማያውቁበት ዘመናዊ ሥርዓት ግን የቃሉን ምስክርነት ስፍራ የሚወስድ ጽሑፍ ማስፈለጉ የማይቀር ነበር።

የኮርስ መግለጫ አጀማመር

የኮርስ መግለጫ የተባለው ጽሑፍ የተወለደው ለተማሪው ምርጫ በመፈቀዱ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በአብዛኛው ያንኑ ላቲን፣ ያንኑ ግሪክና ያንኑ ሒሳብ በአንድነት ይማሩ ስለ ነበር እያንዳንዱን ትምህርት ለብቻው መግለጽ እምብዛም አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1869 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቻርልስ ኤሊየት ተማሪው የሚማረውን ራሱ የሚመርጥበትን ሥርዓት ካስፋፉ በኋላ ግን በአንድ ዓመት የተመረቁ ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የተለያየ ትምህርት ተምረው ሊወጡ ቻሉ። ስለዚህም ኮርሱን በቁጥር መለየት፣ ይዘቱን በአጭሩ መግለጽና ክብደቱን በሰዓት መለካት ግድ ሆነ።

ልኬቱ እንዲስፋፋ ያገዘው ደግሞ ከትምህርት የራቀ የሚመስል የጡረታ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 በሕግ የጸናው የካርኔጊ የትምህርት ድርጅት ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ለመክፈል ሲነሣ አስቀድሞ «ኮሌጅ» ሊባል የሚገባው የትኛው ተቋም እንደ ሆነ መወሰን ነበረበት። በመሆኑም ወደ ኮሌጅ ለመግባት የሚያበቃውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሰዓት የሚለካ መስፈርት ደነገገ። በዚያው ዘመን በኮሌጆችም ውስጥ የክሬዲት ሰዓት አቈጣጠር ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1910 ሬጅስትራሮች በዲትሮይት ከተማ ተሰብስበው የሙያ ማኅበራቸውን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው ሕግ መሠረት ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች ወደ ኮሌጅ በጎረፉ ጊዜም በሠራዊቱ ውስጥ የተሰጡ ኮርሶችን ለመመዘን የሚረዳ መመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። ከዚህ ሁሉ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ በብዛት ሲንቀሳቀስ ትምህርቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አስፈላጊነቱ ይበልጥ ይጎላል።

ሥርዓቱ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት በ1943 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የምሕንድስና ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤትና ሌሎችም ተከተሉ። የእርሻ ኮሌጁ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ርዳታ ትምህርቱን በጅማ ጀምሮ ወደ ዓለማያ ከተዛወረ በኋላ በጥር 1950 ተመረቀ። እነዚህ ተቋማት በየፊናቸው የተቋቋሙ በመሆናቸው የረዳቸውንና ያስተማረባቸውን አገር ልማድ ይዘው ነበር። በአንዱ የተወሰደ ኮርስ በሌላው ምን ያህል እንደሚመዝን በቀላሉ የሚታወቅ አልነበረም።

ይህን የተበታተነ አሠራር ወደ አንድ ያመጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መቋቋም ነው። ዩኒቨርሲቲው በየካቲት 1953 በቻርተር ተቋቁሞ በታኅሣሥ 1954 ተመረቀ። በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ሲገቡ የአሜሪካን አሠራር የተከተለው የሴሚስተር፣ የክሬዲት ሰዓትና የፊደል ውጤት ሥርዓት የጋራ መለኪያ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ያሳትማቸው የነበሩት አጠቃላይ ካታሎጎችም የትምህርት ዘመኑን መርሐ ግብር፣ የመግቢያ መስፈርቱን፣ የምረቃ ደንቡንና የየፋኩልቲውን ኮርሶች በአንድ ጥራዝ ይዘው ይወጡ ነበር። በካታሎጉ የሚገኘው የአንድ ኮርስ መግለጫ ከጥቂት መስመር አያልፍም፤ ይሁን እንጂ በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ውስጥ የአንድ ሴሚስተር ድካም ተጠቃልሎ ይገኛል።

ትራንስክሪፕት የማይናገረው

የዚያ ዘመን ትራንስክሪፕት ካታሎጉን ላላየ እንግዳ መዛኝ ግራ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ማንሣት ይበቃል።

አንደኛው ባዶ መስሎ የሚታየው ዓመት ነው። በ1957 የትምህርት ዘመን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው ዲግሪውን ለመቀበል አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም በመምህርነት ይሠማራ ነበር። ከዚያም በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርትም ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። ደንቡንና ታሪኩን የማያውቅ መዛኝ በወረቀቱ ላይ የሚያየው ያለ ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ነው። የካታሎጉ የምረቃ ደንብ ግን የአገልግሎቱ ዓመት የትምህርቱ አካል እንጂ የተማሪው ስንፍና እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ሰነዶች ላይ አንዳንድ ጊዜ የአገሩ፣ አንዳንድ ጊዜ የአውሮፓ አቈጣጠር ይጻፋል። በአንድ ወረቀት ላይ «1970» ተብሎ የተጻፈው ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከሆነ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ነው። እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. 1977/78፣ ማለትም አብዮቱ ፈንድቶ፣ ዘመቻው ተፈጽሞ፣ ዩኒቨርሲቲውም ስሙን ለውጦ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር ከታደሰ በኋላ ነው። የአንድ ቁጥር አነባበብ ስሕተት መዛኙን ወደማይመለከተው ካታሎግ ይመራዋል።

ሦስተኛው በአንድ ዘመን ብቻ የተሰጡ ኮርሶች ጉዳይ ነው። በደርግ ዘመን የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍናና የፖለቲካ ኢኮኖሚ ትምህርቶች በየፋኩልቲው ለሚገኙ ተማሪዎች ይሰጡ ነበር፤ ሥርዓቱ በ1983 ሲወድቅ ከሥርዓተ ትምህርቱ ወጡ። ዛሬ እነዚህን ኮርሶች በስማቸው ብቻ የሚያይ መዛኝ አቻ አጥቶላቸው ከነክሬዲታቸው ሊሰርዛቸው ይችላል። መግለጫውን ቢያነብ ግን ቢያንስ በማኅበራዊ ሳይንስ ወይም በፍልስፍና መስክ በምርጫ ኮርስነት ሊቈጥራቸው የሚያስችል ምክንያት ያገኝ ይሆናል።

የተቋማት መለያየትና የስም መለዋወጥ

አንድን የቀድሞ ካታሎግ ለማግኘት አስቀድሞ ተቋሙ በዚያ ጊዜ ማን ይባል እንደ ነበረ፣ በማንስ ሥር ይተዳደር እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1969 ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አስተዳደር አዋጅ ወጥቶ ተቋማቱ በከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን የበላይነት እንዲመሩ ተደረገ። የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ እስከ ግንቦት 1977 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ቆይቶ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስለዚህ በ1965 በዓለማያ ስለ ተሰጠ የአፈር ሳይንስ ኮርስ መግለጫ የሚፈልግ ሰው «ሐረማያ» በሚል ስም ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል፤ ሊመለከት የሚገባው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ካታሎግ ነው።

ከሁሉ የከፋው የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ዕጣ ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1958 በካቶሊክ መነኮሳት የተመሠረተ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስተምር የነበረው በጣሊያንኛ ነበር፤ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1990 በጦርነቱ ምክንያት መምህራኑና ተንቀሳቃሽ ንብረቱ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እንዲዛወሩ ተደረገ። ከ1983 በኋላ በአሥመራ እንደ ገና ቢቋቋምም ኋላ ትምህርቱ ለልዩ ልዩ ኮሌጆች ተከፋፍሎ እንደ ቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መሥራቱን አቆመ። ከዚህ ተቋም የወጣ ሰው የተማረበት ቋንቋ ተለውጧል፤ ተቋሙ ተነቅሎ ተተክሏል፤ በመጨረሻም ደብዳቤ የሚጻፍለት ሬጅስትራር በዚያ ስም አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከቀድሞ ዘመን የተረፈ አንድ ካታሎግ ከመጽሐፍነት አልፎ የዋስ ያህል ነው።

የስም መለዋወጥ ባይኖርም እንኳ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ብቻውን ችግር ይፈጥራል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ እንዲሆን ካደረገ በኋላ ከ1996 ጀምሮ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አሉ፤ የፍሬሽማን ዓመትም ከዩኒቨርሲቲ ወጣ። በ2012 የፍሬሽማን ትምህርት ተመለሰ። በእነዚህ መካከል ክሬዲት ሰዓትን በሞጁል የተካ አሠራር ተሞክሯል። እንግዲህ በ1990፣ በ2000ና በ2013 ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሦስት ሰዎች በአንድ ስም የሚጠራ የመግቢያ ኮርስ ቢወስዱ የኮርሱ ደረጃ አንድ ነው ብሎ መናገር አይቻልም።

የስደተኛው ማስረጃ

የዚህ ጉዳይ ሸክም ከሁሉ በላይ የወደቀው በስደተኞች ላይ ነው። በቀይ ሽብር ዘመንና ከዚያም በኋላ ወደ ሱዳን፣ ወደ ኬንያና ወደ ጅቡቲ ከተሰደዱት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በመካከል ያቋረጡ ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ብዙዎች ወደ አሜሪካ ገቡ። በሌሊት ድንበር የተሻገረ ሰው ካታሎግ በጉያው ይዞ አይወጣም፤ ትራንስክሪፕቱን የያዘ እንኳ ዕድለኛ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ስለ ራሱ ሰነድ ወደ አገር ቤት መጻፉ ለቤተሰቡ አደጋ ሊያመጣ ይችል ነበር። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የተማረ ሰው እንደ ገና ከመጀመሪያው ዓመት እንዲጀምር የሚገደድበት ጊዜ ነበር። የሚጠፋው ክሬዲት ብቻ አይደለም፤ ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር ሰው እያንዳንዱ የሚደገም ኮርስ ተጨማሪ የትምህርት ክፍያና ከቤተሰቡ የተነጠቀ ጊዜ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የሰሜኑ ጦርነት አሳይቷል። ያለፈ ይመስል የነበረው የሰነድ መጥፋት ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በዘመናችን ተደገመ፤ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ንብረት ወደመ፣ ተዘረፈ፤ ተማሪዎችም ከጀመሩበት ግቢ ወጥተው በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለመቀጠል ተገደዱ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የኮርሶች መግለጫ በአንድ ግቢ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ የሕንፃው መቃጠል የተማሪውን ማስረጃ መቃጠል ያስከትላል።

የጠፋውን ለመፈለግ

የቀድሞ ካታሎግ ፈላጊ ሊያንኳኳቸው የሚገቡ በሮች አሉ። የመጀመሪያው የተቋሙ ሬጅስትራር ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአገሪቱ ውስጥና ስለ አገሪቱ የሚታተሙ ጽሑፎችን ሲሰበስብ የኖረ ነው። በ1936 የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በኋላ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ስም የታወቀው፣ በአገር ውስጥ የሚታተሙ ጽሑፎችን ተረክቦ የማኖር ኃላፊነት አለበት። ከአገር ውጭም የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 በናይሮቢ በከፈተው ጽሕፈት ቤት አማካይነት የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመቶች ኢትዮጵያን ጨምሮ ሲሰበስብ ቆይቷል። ዓለማያን በሚመለከት ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1968 የሥራ ውል የነበረው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍቱ ያኖራቸው ሰነዶች አሉ።

የታተመው ካታሎግ ፈጽሞ ካልተገኘ የእርሱን ስፍራ በከፊል የሚይዙ ጽሑፎች ይፈለጋሉ። የሥርዓተ ትምህርት ማሻሻያ የጸደቀበት የሴኔት ቃለ ጉባኤ፣ በየትምህርት ክፍሉ በስቴንስል የተባዛ የኮርስ ዝርዝር፣ መምህሩ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ያደለው ሲላበስ፣ የቀድሞ ፈተና ወረቀት፣ ተማሪው ያቈየው ደብተርም ሳይቀር ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የመዛኙ ጥንቃቄ

ከዚህ እንደሚታየው ክሬዲት የሚመዝነው ሰው ሥራ ከታሪክ ጸሐፊው ሥራ ብዙ አይርቅም። የታሪክ ጸሐፊ በጊዜው የተጻፈውን ከኋላ ከተጻፈው እንደሚያስቀድም ሁሉ መዛኙም ተማሪው በተማረበት ዓመት የወጣውን መግለጫ ከዛሬው ማስቀደም አለበት። የቀድሞውን መግለጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን በምትኩ የዛሬውን መጠቀም ይለመዳል፤ ይህ ግን በሁለት በኩል ያሳስታል። ኮርሱ ከፍ ብሎ እንደ ሆነ ተማሪው ያልተማረው ይቈጠርለታል፤ ዝቅ ብሎ ወይም ተሰርዞ እንደ ሆነ የተማረው ይወሰድበታል።

በሌላ በኩል ካታሎግ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ካታሎግ የሚናገረው ሊሰጥ የታሰበውን ነው፤ በእርግጥ የተሰጠውን ሁሉ አይደለም። መምህር በመታጣቱ ምክንያት ሳይሰጥ የቀረ ኮርስ በካታሎጉ ውስጥ ተጽፎ ሊቀር፣ በየካቲት የተዘጋ ዩኒቨርሲቲም በካታሎጉ መርሐ ግብር ላይ እስከ ሰኔ እንዳስተማረ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ኮርሱ መወሰዱን፣ ካታሎጉ ኮርሱ ምን እንደ ነበረ፣ የዘመኑ ታሪክም በምን ሁኔታ እንደ ተሰጠ ይመሰክራሉ። ሦስቱ ሲስማሙ ፍርዱ የጸና ይሆናል።

ለወደፊቱ ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም በየጊዜው የሚያጸድቃቸውን የኮርስ መግለጫዎች ከነጸደቁበት ዓመት፣ በሁለቱም የዘመን አቈጣጠር ጽፎ ማኖር ይችላል። አሮጌው እትም አዲሱ ሲወጣ ከመጣል ይልቅ አንድ ቅጂው በተቋሙ፣ ሌላው ከተቋሙ ግቢ ውጭ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ የተረፉትም በፎቶግራፍ ቢነሡ ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም። ስማቸው የተለወጠ ተቋማትም ካታሎጎቻቸው በቀድሞውና በአዲሱ ስም እንዲገኙ ቢያደርጉ ፈላጊው ከብዙ ድካም ይድናል። ሬጅስትራሩ በመደርደሪያው ላይ የሚያኖረው አሮጌ ጥራዝ ገና ላልመጣ፣ ምናልባትም ከብዙ ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር ለሚጽፍ ሰው የሚጠበቅ አደራ ነው።